ሰርቪስ ቤቱ ብቻውን ይጦረን ይሆን?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከፉሪ እስከ የካ አባዶ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቡራዩ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሰው ስለ ጡረታው ሲጠየቅ መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። «ሰርቪስ ቤት እየሠራሁ ነው» ይላል። በአጥሩ ጥግ ሦስት አራት ክፍል በብሎኬት ይደረድራል። ቆርቆሮ ያለብሳል። ያከራያል። ጉልበቱ ሲደክም በኪራዩ ሊኖር ነው።

ይህን ሐሳብ የሚንቁ የገንዘብ አማካሪዎች አሉ። እኔ አልንቀውም። ሰዉ ወደ ብሎኬት የሮጠው ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ሲቀልጥ ስላየ ነው። ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 100 ሺህ ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ሺህ አለው፤ በ100 ሺህ ይገዛው የነበረው ነገር ግን 130 ሺህ ገብቷል። ቀጥሎ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሲሚንቶና ብረት ቀድሞ የገዛ ሰው ተጠቀመ። በደብተር ያስቀመጠ ከሰረ። እንዲህ ዓይነት ነገር በዓይኑ ያየ ሰው ግድግዳ ቢያምን አይፈረድበትም።

ነገር ግን ጡረታ ማለት በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ነው። ሥራ ካቆማችሁ በኋላ ለ15 እና ለ20 ዓመት፣ ስትታመሙም፣ ተከራይ ሲጠፋም መግባት አለበት። ሰርቪስ ቤት ይህን ብቻውን ይችላል ወይ? ሒሳቡን ቁጭ ብለን እናስላው።

አራት ክፍል አለ እንበል። እያንዳንዱ በወር 3,500 ብር ይከራያል። በወር 14,000፣ በዓመት 168,000 ብር ነው። ሰው በዚህ ቁጥር ይደሰትና እዚሁ ላይ ሒሳቡን ይዘጋል። ግን ተከራይ ይለቃል። በዓመት ሁለት ክፍል ለሁለት ሁለት ወር ባዶ ቢቀመጥ 14,000 ሄደ። ለአራት ቤተሰብ የተቆፈረ ሽንት ቤት ቶሎ ይሞላል፤ መኪና ጠርቶ ማስመጠጥ አለ። ክረምት ሲመጣ ቆርቆሮው ያፈሳል። አዲስ ተከራይ ከመግባቱ በፊት ቀለም ይቀባል፤ ደላላም ኮሚሽኑን ይጠብቃል። የኪራይ ገቢ ግብር አለ። የጣሪያና ግድግዳው አለ። ለነዚህ ሁሉ በዓመት 34,000 ብር ቢወጣ የሚተርፈው 120,000 ነው። በወር 10,000 ማለት ነው። ከ14,000 ላይ ወደ ሦስት አስረኛው ገደማ ሄዷል፤ ያውም ምንም የከፋ ነገር ሳይደርስ።

ከዚህ ላይ ደግሞ የጉልበት ጉዳይ አለ። ማንም ቀድሞ አያስበውም። በአንድ ቆጣሪ አራት ቤተሰብ ሲጠቀም በየወሩ የመብራት ክፍፍል ላይ ጭቅጭቅ አለ። አንዱ እንጀራ ይጋግራል፤ ሌላው አምፖል ብቻ ነው ያለኝ ይላል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ተነስቶ ሮቶ የሚሞላው አከራዩ ነው። ሳይመጣ ሲቀርም ቦቴ የሚጠራው እሱ ነው። በ50 ዓመት ይህን መሥራት ይቻላል። በ75 ዓመት፣ ጉልበት ታሞ፣ ዓይን ደክሞ፣ ኪራይ ለሦስት ወር ያልከፈለ ጎረምሳ ጋር መጋፈጥ ሌላ ነገር ነው። የዕድሜ ባለጸጎች ባሉበት ብዙ ግቢ ኪራይ የሚሰበስበው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። ያ ልጅ አገር ጥሎ ሲሄድ ገቢውም አብሮ ይናጋል።

ሕጉም ተለውጧል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ በአዲስ አበባ ውስጥ ያለ አከራይ እንደፈለገ ኪራይ የሚጨምርበት ዘመን አብቅቷል። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ አስተዳደሩ በሚያወጣው ልክ ነው። ለተከራይ ይህ እፎይታ ነው፤ እኔም በተከራይ በኩል ሆኜ ሳየው ተገቢ ነው እላለሁ። በኪራይ ለመጦር ያቀደ ሰው ግን ማወቅ ያለበት አለ፦ የዋጋ ንረቱ ከተፈቀደው ጭማሪ ከበለጠ የኪራይ ገቢውም እንደ ባንክ ብሩ ይሳሳል።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ካርታ ላለው ነው። ካርታ ለሌለውስ?

ዳርቻው ላይ ያለው ትልቁ አደጋ እዚህ ጋ ነው። ከገበሬ ላይ በውል የተገዛ መሬት ብዙ ነው። ሦስት ምስክር ይፈርማል፣ ቀብድ ይሰጣል፣ ድግስ ቢጤ ይደረጋል፣ ከዚያ አጥር ይታጠራል። ሰዉ ይህን ወረቀት «ውል አለኝ» ብሎ በሳጥን ይቆልፍበታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። እሱም ቢሆን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ውልና ማስረጃ የምንለው ቢሮ ማለት ነው። በጎረቤት ፊርማ ብቻ የተገዛ ቦታ ላይ የተሠራ ቤት ሁሌም በአንድ ማስጠንቀቂያ ሊፈርስ ይችላል። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉበት በ2015 ዓ.ም. ሕገወጥ ተብለው የፈረሱትን ቤቶች ያየ ሰው ይህን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ከፈረሱት ውስጥ የአንድ ሰው የሃያ ዓመት ጥሪት የሆኑ ነበሩ። ያ ሰው በ55 ዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል። ከዜሮ ለመጀመር 55 ዓመት በጣም ዘግይቷል።

ስለዚህ አዲስ ክፍል ለመጨመር ብር ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። ይዞታችሁ ካልተስተካከለ፣ አምስተኛውን ክፍል ከመሥራታችሁ በፊት ወረቀቱን ጨርሱ። አይጨረስም ከተባላችሁ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ተጨማሪ ብሎኬት አትጣሉ። የሚጎዳው ብሩ በሙሉ አንድ ግቢ ውስጥ ሲሆን ነው።

ኮንዶሚኒየምን ቶሎ ልለፈው። በ2005 ለ20/80 ተመዝግቦ ለአንድ መኝታ በወር 274 ብር መቆጠብ የጀመረ ሰው ያኔ ትክክል ነበር። ዕጣ የወጣለት ኮዬ ፈጬ ወይም ቦሌ አራብሳ ገብቶ ዛሬ ጣሪያ አለው። ያልወጣለት ግን የቤት ዋጋው ሸሽቶት በተጠራቀመው ቁጠባ ቀድሞ ያሰበውን መግዛት አይችልም። ያን ደብተር እንደ ጡረታ ዕቅድ የቆጠረ ካለ ሌላ መንገድ ቢያስብ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ተረሳው እንምጣ። ዳርቻው ላይ ፋብሪካ፣ መጋዘንና የግል ትምህርት ቤት ሞልቷል። ገላን፣ ቃሊቲ፣ ዓለም ገና ላይ ጠዋት በሰርቪስ መኪና የሚጫነው ሠራተኛ በአብዛኛው የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነው። ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጣል። ድርጅቱ 11 በመቶ ይጨምራል። በድምሩ 18 በመቶ በስሙ ወደ ጡረታ ፈንድ መግባት አለበት። ይህ ገንዘብ ሠራተኛው ካለው ንብረት ሁሉ ትልቁ ሊሆን ይችላል። ግን ስንቱ ነው የፔይሮል ወረቀቱን አንብቦ የሚያውቀው?

አንድ የፔይሮል ወረቀት ከፊታችን እናስቀምጥ። ሠራተኛዋ ከመቆራረጡ በፊት በድምሩ የሚታሰብላት 9,000 ብር ነው። ወረቀቱ ላይ ግን መነሻ ደመወዝ 4,000፣ የትራንስፖርት አበል፣ የቤት አበል፣ የኃላፊነት አበል እየተባለ 5,000 ተከፋፍሏል። ጡረታ የሚታሰበው በመነሻ ደመወዙ ነው። የሷ መዋጮ 280 ብር ይሆናል፤ የድርጅቱ 440። በሙሉው 9,000 ቢሰላ ኖሮ የሷ 630፣ የድርጅቱ 990 ብር ነበር። ዛሬ እሷም ደስ ይላታል፤ በወር 350 ብር ተረፈልኝ ትላለች። ድርጅቱም 550 ብር ተረፈው።

ልዩነቱ የሚታየው ስታረጅ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ይደርሰዋል። ሠራተኛዋ በ4,000 ከተመዘገበች በወር 2,200 ብር ታገኛለች። በ9,000 ቢሆን 4,950 ነበር። ይህ በየወሩ ነው፤ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ። በየወሩ 350 ብር በእጄ ቀረ ብላ የተደሰተችበት ነገር በእርጅናዋ በየወሩ 2,750 ብር ያስከፍላታል።

አበል ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው እያልኩ አይደለም። እውነተኛ የመጓጓዣ ወጪ አለ። ግን ደሞዝ ጭማሪ ስትደራደሩ «በእጅ ስንት ይደርሰኛል?» ከሚለው በፊት «መነሻው ላይ ስንት ተጨመረ?» ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ ከ57 ዓመት በኋላ ያሉት ሦስት ዓመታት ወሳኝ ናቸው። የጡረታ መውጫው 60 ስለሆነ የሚሰላው በነዚያ ዓመታት ደመወዝ ነው።

ብዙ ወጣት «እኔ ኮንትራት ነኝ፣ አይመለከተኝም» ሲል እሰማለሁ። ይመለከትሃል። አዋጁ ከ45 ቀን ላላነሰ ጊዜ የተቀጠረን ሰው ያካትታል። ሌላው የሚሰማው «ሥራ ስለምቀያይር ትርጉም የለውም» የሚል ነው። ዘመኑ ይያያዛል። ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው፣ ከመንግሥት ወደ ግል ብትሄዱም የሠራችሁባቸው ዓመታት ተደምረው ይቆጠራሉ፤ ቁም ነገሩ በአንድ የጡረታ መለያ ቁጥር መመዝገባችሁና መዋጮው በትክክል መግባቱ ነው። 10 ዓመት ያልሞላው ሰው ግን የወር አበል የለውም። አንዴ የሚሰጠውን ገንዘብ ይዞ ይሸኛል። ስለዚህ የጡረታ መውጫው ተቃርቦ ዘጠኝ ዓመት ላይ ያለ ሰው ሥራውን ጥሎ ሱቅ ልክፈት ሲል አንድ ዓመት ታገሥ ብላችሁ ብትመክሩት የዕድሜ ልክ ውለታ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት የተጀመረው በ2003 ነው፤ በአዋጅ 715/2003። የአሁኑ አዋጅ 1268/2014 ነው። ከ2003 በፊት ብዙው የግል ሠራተኛ ፕሮቪደንት ፈንድ (ከአሠሪው ጋር በጋራ የሚጠራቀም ቁጠባ) ካልነበረው በቀር ሲደክም ባዶ እጁን ነው የወጣው። በግል ድርጅት ብቻ ሠርቶ በ2018 ጡረታ የሚወጣ ሰው ቢበዛ 15 ዓመት ገደማ ነው የሚቆጠርለት፤ 36 በመቶ ቢጤ ይደርሰዋል። አነስተኛ ነው። ታላላቆቻችን «ጡረታ ምን ያደርጋል?» ሲሉ የሚያወሩት ይህን እያዩ ነው። ዛሬ 30 ዓመት የሆነው ሰው ግን ሙሉ የሥራ ዘመኑን የሚያስቆጥር የመጀመሪያው ትውልድ ነው። የታላቁን ልምድ ይዞ የራሱን መብት ቢተው ያሳዝናል።

ጡረታ ብቻውን ይበቃል? አይበቃም። የዋጋ ንረት የጡረታ አበልንም ይበላል። ለዚህ ነው ሁለቱም የሚያስፈልጉት። ኪራይ ከኑሮ ውድነቱ ጋር በተወሰነ ደረጃ ይሄዳል፤ ግን ይቋረጣል። አበሉ ቀስ እያለ ይሳሳል፤ ግን አይቋረጥም። ተከራይ በወጣበት ወር አበሉ አስቤዛ ይሸፍናል። 4,950 ብር አበልና 10,000 ብር የተጣራ ኪራይ ያላት አሮጊት ልጇ ደጅ ሳትቆም ትኖራለች።

የራሳቸው ሥራ ያላቸውስ? ባጃጅ የሚነዳ፣ ብሎኬት የሚያመርት፣ ጉሊት የምትቸረችር? ለነሱ የሚያዋጣ አሠሪ የለም። በብዙ ሰፈር ይህን ክፍተት የሚሞላው ዕቁብ ነው። ዕቁብ ብር ጠርቅሞ ለማግኘት ግሩም ነው። ሰው በራሱ ያልቻለውን ቁጠባ ይሉኝታ ያስቆጥበዋል። ነገር ግን ዋጋ በሚንርበት ዘመን ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ለውጥ ያመጣል። 20 ሰው በወር 5,000 ቢጥል ዕጣው 100,000 ነው። በመጀመሪያው ወር የወሰደ ዛሬ ባለው ዋጋ ቆርቆሮ ይገዛል። በ20ኛው ወር የወሰደ ያንኑ 100,000 ይቀበላል፤ ቆርቆሮው ግን ጨምሯል። ሁለቱ እኩል ጥለው እኩል አላገኙም። የመጨረሻዎቹ ለመጀመሪያዎቹ ያለወለድ አበድረዋል። ለዚህ ነው ዕጣ ሲሸጥ የቀደመው የሚወደደው። ስለዚህ ዕቁብን አንድ የታወቀ ዕቃ ለመግዛት ተጠቀሙበት፤ ማሽን፣ የቤት ጣሪያ፣ የንግድ ዕቃ። ለእርጅና ግን ዕቁብ የሚያስቀምጠው ነገር የለም፤ ዙሩ ሲያልቅ ያልቃል።

ለነዚህ ሰዎች የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። በየወሩ ይቆጠባል፣ የማኅበሩ ድርሻ ይገዛል፣ በቆጠቡት ልክ ይበደሩበታል፣ ትርፍ ሲኖር ይከፋፈላል። ከመግባታችሁ በፊት ግን የኦዲት ሪፖርት አሳዩኝ በሉ። የሚያፍር ማኅበር ከሆነ አትግቡ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህንም አትርሱ። እርጅና ላይ የተቀመጠ ብርን ከምንም በላይ የሚጨርሰው ሕመም ነው።

አክሲዮን? በመጠኑ አዎ። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ከድርሻው 10 በመቶውን በቴሌብር ለሽያጭ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። 9,900 ብር ማለት ነው። ከ47 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዙ። አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በጥር 2017 ሥራ ጀመረ፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ይህ ለኛ አዲስ በር ነው። እንደ አንድ ብሎኬት ግን አስቡት፤ ግድግዳው በሙሉ አይሁን። አክሲዮን በፈለጋችሁት ቀን በፈለጋችሁት ዋጋ ላይሸጥ ይችላል። ለሦስት ዓመት የማትነኩት ብር ካልሆነ አትግቡ። ደግሞ «በምሥረታ ላይ ነን» እያለ ብር የሚሰበስብ ካለ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፦ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቅዶላችኋል? በቴሌግራም በሳምንት 10 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ የሚላችሁን ደግሞ ጥያቄም አትጠይቁት። ውጡ።

ባንክ ውስጥም የተወሰነ ብር ይኑር። የሦስት ወይም የአራት ወር አስቤዛ። ዋጋው ይቀንሳል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን የዚህ ብር ሥራ ትርፍ ማምጣት ሳይሆን ልጅ ሲታመም ሰርቪስ ቤቱን በግማሽ ዋጋ እንዳትሸጡ ማድረግ ነው። ደላላ የተቸገረ ሻጭን ከሩቅ ይለያል። የኢትዮጵያ ተቀማጭ መድን ፈንድም ባንክ ቢወድቅ እንኳ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ዋስትና ይሰጣል።

በመጨረሻ ስለ ወረቀት። ጡረተኛው ሲሞት ባለቤቱ የአበሉን 50 በመቶ ታገኛለች፤ ባልም እንዲሁ። ለዕድሜ ያልደረሱ ልጆችም ድርሻ አላቸው። ዳርቻው ላይ ግን በሽማግሌ ተጋብተው፣ ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረው የጋብቻ ምስክር ወረቀት የሌላቸው ባልና ሚስት ስንት ናቸው! ባልየው ያረፈ ዕለት ሚስት መሆኗን በምስክር ለማረጋገጥ ፍርድ ቤት ትመላለሳለች። ኪራዩም ቢሆን ካርታው በባል ስም ብቻ ከሆነ ከዘመድ ጋር ክርክር አለው። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን፣ የካርታውን ኮፒ፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት በአንድ ፋይል አድርጉ፤ የት እንዳለም ለትዳር ጓደኛችሁ ንገሩ። የጋብቻ ወረቀቱ ከሌላችሁ ሁለታችሁም በሕይወት ሳላችሁ፣ ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ ወረዳ ሂዱና አውጡ።